ኢንዶስኮፒ ሲታዘዝላችሁ ስለ አየሩም ጠይቁ



ሐዋርያው ጳውሎስ ለልጁ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ስለ መበለቶችና ስለ ሽማግሌዎች ሲናገር ቆይቶ በመካከል የወጣቱን አገልጋይ ሆድ ያነሣል (1ጢሞ. 5፥23)። ጢሞቴዎስ ጨጓራውን ይታመም ነበር። ጳውሎስ ደግሞ ሕመሙን ቸል እንዲል አልነገረውም፤ በዘመኑ የሚታወቀውን መድኃኒት መከረው። በዛሬው ዘመን በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ ወይም በቶጎጫሌ የሚኖር ጢሞቴዎስ ቢኖር ሐኪሙ ምናልባት «ኢንዶስኮፒ ታይና ና» ይለው ይሆናል።

ይህን ቃል የሰሙ ብዙዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ያማል ወይ?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ስንት ብር ነው?» ይላሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጥቂቶች ብቻ የሚጠይቁትን ሦስተኛ ጥያቄ እናነሣለን። ምርመራው በሚደረግበት ክፍል ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ንጹሕ ነውን? ወደ ሰውነታችን የሚገባው መሣሪያስ ከእኛ በፊት የነበረውን ሰው ሕመም ይዞ አልመጣምን? ይህ ጥያቄ ታካሚውን ብቻ አይመለከትም። አብራ የሄደችውን ሚስት፣ መሣሪያውን የያዘችውን ነርስ፣ ክፍሉን የሚያጸዳውን ሠራተኛና ወረፋ የሚጠብቀውን ጎረቤት ሁሉ ይመለከታል።

ምርመራው ምንድን ነው?

ኢንዶስኮፒ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለው፣ እንደ ጣት የቀጠነና የሚተጣጠፍ ቱቦ በአፍ በኩል አልፎ ጉሮሮን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ዛሬ የምናውቀው ተጣጣፊ መሣሪያ መንገዱ የተጠረገው እ.ኤ.አ. በ1957 ባሲል ሂርሾዊትዝ የተባለ ሐኪም ብርሃንን በቀጫጭን የመስተዋት ክሮች የሚያስተላልፍ ቱቦ ለሥራ ባበቃ ጊዜ ነው። ተመሳሳይ መሣሪያ በአየር ቧንቧ በኩል ወደ ሳንባ ሲገባ ብሮንኮስኮፒ ይባላል።

ሐኪም ይህን ምርመራ በከንቱ አያዝዝም። የማይለቅ የጨጓራ ቃጠሎ፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ሲታይ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። በተለይ መዋጥ ሲያስቸግር መዘግየት አይገባም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ ደቡብ በተዘረጋው ቀጠና በብዛት ከሚታይባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ውስጥ እንገኛለን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት ነገር አስፈርቷችሁ ምርመራውን እንዳትተዉ አስቀድመን እንለምናችኋለን። ዓላማችን በማወቅና በመጠየቅ እንድትሄዱ ነው።

አየሩ እንዴት ይበከላል?

ቱቦው ጉሮሮን ሲነካ ሰው ያስለዋል፣ ይተናነቀዋል፣ ያገሳል። ይህ ከማንም ቁጥጥር ውጭ የሆነ የሰውነት ምላሽ ነው። ሐኪሙም የጨጓራው ግድግዳ እንዲገለጥ በቱቦው በኩል አየር ይነፋል፤ ያ አየር ተመልሶ በአፍ ይወጣል። ለናሙና የሚገባው ትንሽ መቆንጠጫ ሲወጣ፣ ቱቦው ራሱ ሲሳብ፣ ምራቅና ፈሳሽ በመምጠጫው ሲሳብ ጥቃቅን ጠብታዎች ወደ አየር ይረጫሉ። ትልልቆቹ ጠብታዎች ወዲያው አልጋው ላይና ወለሉ ላይ ያርፋሉ። ከዓይን የተሰወሩት ጥቃቅኖቹ ግን ውኃቸው ተንኖ እንደ ጢስ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊቆዩ ይችላሉ።

ሌላ ነገርም አለ። በሌላ ክፍል ያለ የሚያስል ሰው የፊት ጭንብል ሊያደርግ ይችላል። ኢንዶስኮፒ ላይ የተኛ ሰው ግን አፉ ተከፍቶ ቱቦ ገብቶበታልና ጭንብል ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ጥበቃው በክፍሉ አየርና በሠራተኞቹ ጭንብል ላይ ይወድቃል።

ዓለም ይህን በግልጽ የተገነዘበው በኮሮና ዘመን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወቀበት ወቅት በብዙ አገሮች ያሉ የኢንዶስኮፒ ክፍሎች አጣዳፊ ካልሆነ በቀር ምርመራውን አቁመው ነበር። በእኛ አገር ግን ከኮሮና በፊትም ከኮሮና በኋላም በአየር የሚተላለፍ አንድ የቆየ በሽታ አለ፤ እርሱም የሳንባ ቲቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ አድርጎ ኢትዮጵያን ይቆጥራል። ሶማልኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን «ቃሖ» ይሉታል። እኛ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንለው ካንሰርንም በዚሁ ቃል ስለምንጠራ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ቲቢ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ድካም የጨጓራ ሕመምም የቲቢም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሰው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ለወራት ሲከሳ ቆይቶ ኢንዶስኮፒ ሊታይ ሲመጣ ሳንባውም ታሞ ሊሆን ይችላል። ማንም ስለ ሳሉ ካልጠየቀው፣ እርሱም ካልተናገረ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳያውቁ ይጋለጣሉ።

በእሳት የሚያልፍና በውኃ የሚያልፍ

ስለ መሣሪያው ደግሞ እንነጋገር። በዘኁልቁ 31፥22-23 አልዓዛር ካህኑ ከጦርነት ለተመለሱት ሰዎች የሰጠውን ሥርዓት እናገኛለን። ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ ብረትና የመሳሰለው፣ ማለትም እሳትን የሚችለው ሁሉ በእሳት እንዲያልፍ፣ እሳትን የማይችለው ደግሞ በውኃ እንዲያልፍ አዘዘ። በዘሌዋውያን 15፥12 ደግሞ ርኩስ ሰው የነካው የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የእንጨት ዕቃ ግን በውኃ እንዲታጠብ ተጽፏል። እነዚህ ሥርዓቶች ለእስራኤል የተሰጡ የመንጻት ሕግጋት እንጂ የሕክምና መጽሐፍ አይደሉም። ሆኖም ለእያንዳንዱ ዕቃ እንደ ባሕርዩ የሚስማማ መንጻት እንደሚያስፈልግ ያስተምሩናል።

የዛሬው ሆስፒታልም በዚሁ መንገድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርል ስፖልዲንግ የተባለ ሊቅ የሕክምና መሣሪያዎችን እንደሚነኩት የሰውነት ክፍል በሦስት ደረጃ መደባቸው። ወደ ደምና ወደ ሥጋ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ፍጹም መምከን አለበት። እንደ ኢንዶስኮፕ ያለ የውስጥ ስስ ሽፋንን የሚነካ መሣሪያ ቢያንስ በኃይለኛ ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል መታከም አለበት። ቆዳን ብቻ የሚነካ መሣሪያ ደግሞ በተራ ጽዳት ይበቃዋል።

የናሙና መቆንጠጫው ብረት ስለሆነ እሳቱን ይችላል፤ በኦቶክሌቭ በእንፋሎት ግፊት ይመክናል፣ አለዚያም አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ይጣላል። ኢንዶስኮፑ ግን ላስቲክና መስተዋት፣ ካሜራና ሽቦ ያለበት ስለሆነ በኦቶክሌቭ ቢገባ ይበላሻል። ስለዚህ መንገዱ ረጅም ነው። ምርመራው እንዳለቀ እዚያው አልጋው አጠገብ ይጠረጋል፤ ውስጡም በማጽጃ ፈሳሽ ይታጠባል። ከዚያ ወደ ማጽጃ ክፍል ተወስዶ ቀዳዳ እንዳይኖረው ይፈተሻል። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሁሉ በረጅም ብሩሽ ይፈገፈጋሉ። ቀጥሎ እንደ ግሉታራልዴሃይድ ባለ ኬሚካል ውስጥ አምራቹ ላዘዘው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነከራል። በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ በአየር ግፊት ይደርቃል፣ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። በብሩሽ ያልታጠበ ቱቦ ኬሚካል ውስጥ ቢነከር እንኳ በቆሻሻው ሥር የተሸሸጉት ተሕዋስያን አይሞቱም። እርጥብ ሆኖ ያደረ ቱቦም በማግስቱ አዲስ ተሕዋስያን አብቅሎ ይገኛል።

ይህ ካልተጠበቀ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ባለበት ሕመምተኛ ላይ የዋለ ብሮንኮስኮፕ በሚገባ ሳይጸዳ ለሌሎች ሕመምተኞች በመዋሉ በሽታው ወደ እነርሱ ተላልፏል። ይህም ከሁለት ዓመት በኋላ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ያ ሁሉ የሆነው ብዙ ሀብት ባለበት አገር ነው። ጥፋቱ የመሣሪያ እጦት አልነበረም።

መሣሪያ ራሱ አየርን ሊበክል እንደሚችልም ታይቷል። ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ በስዊዘርላንድ ዙሪክ፣ ኋላም በሌሎች አገሮች፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከቲቢ ጋር ዝምድና ባለው ባክቴሪያ ታመሙ። ሲመረመር ምንጩ የሕመምተኛውን ደም ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ማሽን የውኃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ተገኘ። የማሽኑ ማራገቢያ ከተበከለው ውኃ የሚነሣውን የማይታይ ጉም ወደ ክፍሉ አየር ይነፋው ነበር። ኢንዶስኮፕም የራሱ የውኃ ጠርሙስ አለው። በውስጡ የመከነ ውኃ መግባት፣ ጠርሙሱም በየዕለቱ መታጠብና መምከን ያለበት ስለዚህ ነው።

ቱቦውን የሚያጥቡትንም አንርሳ። ብሩሹ ከውኃ በላይ ሲፈገፍግ ፍንጥቅጣቂው ፊት ላይ ይረጫል፤ ስለዚህ እጥበቱ ከውኃው በታች ሆኖ፣ ጭንብልና የዓይን መከላከያ ተደርጎ መሠራት አለበት። የግሉታራልዴሃይድ ትነት ደግሞ ዓይንና አፍንጫን ያቃጥላል፤ አስምም ሊያስነሣ ይችላል። የማጽጃው ክፍል መስኮት ለእነርሱም ሕይወት ነው።

ነፋስ ያላት ከተማ

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ነፋስ አላጣችም። በክልሉ ሰሜናዊ ጫፍ በአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ መተከሉም የአካባቢውን ነፋስ ብርታት ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ነፋሱ አቧራ ስለሚያመጣ ሰው መስኮቱን መዝጋት ይወዳል። በሽንሌና በኤረር በኩል ባለው ቆላ ደግሞ ሙቀቱን ለመሸሽ መስኮት ተዘግቶ ኤሲ ይከፈታል። ይህን እወቁ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። ቀዝቃዛ አየር ሁሉ ንጹሕ አየር አይደለም።

ባለሙያዎች የክፍልን አየር የሚለኩት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ በአዲስ እንደሚተካ በመቁጠር ነው። በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ በሚለወጥበት ክፍል ውስጥ በአየር ላይ ያለው ብክለት 99 በመቶው እስኪወገድ 138 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ ሲለወጥ 46 ደቂቃ፣ 12 ጊዜ ሲለወጥ ደግሞ 23 ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ አንዱ ታካሚ ወጥቶ ሌላው ሲገባ በመካከል ያለው ጊዜ ትርፍ ጊዜ አይደለም። ነርሷ «ትንሽ ታገሡ፣ ክፍሉ ይናፈስ» ስትል ወረፋ አዘገየችብን ብላችሁ አታጉረምርሙባት። ለእናንተ ነው።

ይህ ሁሉ የግድ ውድ ማሽን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ከሚገኙ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት በሮችና መስኮቶች ሲከፈቱ የክፍሎቹ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ አሳይቷል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው አሮጌ ክፍሎች 40 ጊዜ ሲለወጡ፣ አዲሶቹ 17 ጊዜ ብቻ ነበር የሚለወጡት። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስኮቶች ቢከፈቱ እግዚአብሔር በነጻ የሰጠን ነፋስ ብዙ ይሠራል። ማራገቢያ ካለ ከንጹሕ አየር ወደ ታካሚው፣ ከታካሚው ወደ ውጭ እንዲነፍስ ይቀመጥ። አየሩ ከምርመራ ክፍሉ ወጥቶ ሰው ወደሚጠባበቅበት አዳራሽ መሄድ የለበትም።

የሚደበቀው ሳል

ወገኖች ሆይ፣ ከመስኮቱ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ሰው ሳሉን ይደብቃል።

አንዳንዱ ወረፋው እንዳያልፈው ይደብቃል። ከቶጎጫሌ ወይም ከአውበሬ ተነሥቶ ሌሊቱን መኪና ጠብቆ፣ ወይም ከጅግጅጋ በባቢሌ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር የደረሰ ሰው «ሳል አለህ ወይ?» ሲባል «የለኝም» ማለት ይቀልለዋል። አንዳንዱ ባሏ ወይም ሚስቱ እንዳይሰሙ ይደብቃል። ቲቢ ከተባለ ጎረቤት ይርቀኛል፣ ሥራ አጣለሁ፣ ልጄን የሚያገባት አይገኝም ብሎ ይፈራል።

በእኛ በአማኞች መካከል ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ተጸልዮልኛል፣ ተፈውሻለሁ ብሎ ያመነ ሰው ሳሉን መናገር አለማመን ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ የስድስት ወሩን መድኃኒት በሁለተኛው ወር ያቆመ ወንድም ወይም እኅት በየአጥቢያው አይጠፋም። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን እናምናለን። ነገር ግን ጌታችን ለምጻሙን ከፈወሰው በኋላ ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲታይ አዘዘው (ማቴ. 8፥4)። አሥሩንም እንዲሁ ሄደው ራሳቸውን እንዲያሳዩ ላካቸው (ሉቃ. 17፥14)። በዚያ ዘመን ሰው ነጽቷል ብሎ የሚመሰክረው ካህኑ ነበር። ጌታ የፈወሰውን ሰው ከመመርመር አላስቀረውም። የተፈወሰ ሰው ምርመራን የሚፈራበት ምክንያት የለውም፤ ያልተፈወሰው ደግሞ ምርመራው ያተርፈዋል።

መድኃኒቱን ማቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም። በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል። በአገራችን ለተላመደው ቲቢ ሕክምና በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ብዙ ትግል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ይህ ድል የሚጠበቀው እያንዳንዱ ሕመምተኛ የጀመረውን ሲጨርስ ነው።

በኤፌሶን 4፥25 ሐሰትን አስወግደን ከባልንጀራችን ጋር እውነትን እንድንነጋገር ታዘናል፤ ምክንያቱም እርስ በርሳችን ብልቶች ነን። ነርሷ ፊት ቆመን «ሦስት ሳምንት ሆኖኛል እያሳለኝ» ማለት የዚህ ትእዛዝ ፍጻሜ ነው። እርሷም የአንድ ሰው ሚስት፣ የሕፃናት እናት ናት። እውነታችን ማታ ወደ ልጆቿ በጤና እንድትመለስ ያደርጋል።

ደግሞ ይህን ስትናገሩ የሚደርስባችሁ ነገር እንደምትፈሩት አይደለም። የአክታ ምርመራ ይደረግላችኋል፤ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ከሆነ ማሽኑ በሁለት ሰዓት ያህል ውጤት ይሰጣል። ቲቢ ካልሆነ በሰላም ትቀጥላላችሁ። ቲቢ ከሆነ በመንግሥት ጤና ተቋማት ሕክምናው በነጻ ነው። ኢንዶስኮፒው አጣዳፊ ካልሆነ ሐኪሙ «አሁን አታስተላልፍም» እስኪል ይዘገያል። አጣዳፊ ከሆነ ደግሞ ሠራተኞቹ ተጠንቅቀው፣ እንደ ኤን 95 ያለውን ጥቅጥቅ ጭንብል አድርገው፣ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ይሠሩላችኋል።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

ምርመራው በጅግጅጋም ይሁን በሐረር ወይም በአዲስ አበባ ቢታዘዝ፣ እነዚህን ነገሮች በቤታችሁ ተነጋገሩባቸው።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ተጠያየቁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ የክብደት መቀነስ አለ ወይ? ከዚህ በፊት ቲቢ የታከመ ወይም በቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ? ባል ስለ ራሱ የማያስተውለውን ሌሊት አብራው የምታድር ሚስት ትሰማለች።

2. ካርዳችሁን ያዙ። በድንበር ከተሞች ያላችሁ አንዳንዴ እዚህ፣ አንዳንዴ ሐርጌሳ ትታከማላችሁ። የዚያኛው ሐኪም ያየውን ይህኛው አያውቅምና ወረቀቱንና የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ አምጡ።

3. በትሕትና ጠይቁ። «ይቅርታ እኅቴ፣ ቱቦው ከእኔ በፊት ካለው ሰው በኋላ በኬሚካል ተነክሯል?» «መስኮቱ ቢከፈት ይቻላል?» እነዚህ የስድብ ቃላት አይደሉም። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል። ቅሬታ ካላችሁም ሆስፒታሎች የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ስላላቸው ለእነርሱ ማሳወቅ ይቻላል።

4. አጃቢ አንድ ሰው ይብቃ። ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ መሄድ ስለሌለበት አጃቢ ያስፈልጋል። ሆኖም አክስትና አጎት፣ የጸሎት ጓደኛና ሕፃን ይዞ አዳራሹን መሙላት ለማንም አይጠቅምም። ሕፃናትን ቤት ተዉአቸው። የሚያስለው ሰው ጭንብል አድርጎ በመስኮቱ በኩል ወይም በደጅ ይቀመጥ።

5. ለጎረቤታችሁ አስተርጉሙ። በመጠባበቂያው አዳራሽ ከአጠገባችሁ የተቀመጡት እናት አማርኛ ላይሰሙ ይችላሉ። ሶማልኛ የምትችሉ «ቁፋዕ አለዎት ወይ?» የሚለውን የነርሷን ጥያቄ አድርሱላቸው። በጅግጅጋ የምንተነፍሰው አየር የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ተብሎ አልተከፈለም፤ ባልንጀራ ማን እንደሆነም ጌታ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ አስተምሮናል።

6. ከተመለሳችሁ በኋላ ተከታተሉ። ከፍተኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ደም ከታየ ወዲያው ተመለሱ። በቤት ውስጥ ቲቢ ከተገኘ ባልም ሚስትም ልጆችም ሁሉ ይመርመሩ፤ ለትንንሽ ልጆች መከላከያ መድኃኒት አለ።

በጤና ተቋም የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። በካራማራ ሆስፒታልም ሆነ በሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ወይም በየጤና ጣቢያው ስትሠሩ ቱቦውን በብሩሽ መፈግፈጋችሁን ማንም ላያይ ይችላል። ሰዓቱ ሳይሞላ ከኬሚካሉ ብታወጡትም ታካሚው አያውቅም። እናንተ ግን ሥራችሁን ለጌታ እንደምታደርጉ ተጽፏል (ቆላ. 3፥23)። ወረፋው ሲረዝም ከጽዳቱ ደቂቃ አትቀንሱ። ጭንብሉ ቢያልቅ ዝም ብላችሁ ራሳችሁን አታጋልጡ፤ ለኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ።

በአጥቢያችንም

ይህ ትምህርት ከሆስፒታል በር አይቀርም። በብርድ ሌሊት መስኮቱን ዘግተን የምናድርበት የአዳር ጸሎት፣ በአንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰው የሚዘምርበት የቤት ኅብረት በአየር ለሚተላለፍ በሽታ ይመቻል። ሁለት መስኮት ክፈቱ፤ ብርዱን በጋቢ እንቋቋመዋለን። የምታስል እኅት ስትኖር አታሸማቅቋት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብሯት የሚሄድ ሰው መድቡ። ሽማግሌዎች ለታመመው ሲጸልዩ (ያዕ. 5፥14) ደግሞ «መድኃኒትህን ዛሬ ወሰድህ?» ብለው ይጠይቁት። ሕክምናውን በሚገባ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ ወደ ኅብረቱ ሲመለስ በደስታ ተቀበሉት፤ ወንበሩን አታርቁበት።

በፊልጵስዩስ 2፥4 እያንዳንዳችን ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ለሌላውም የሚጠቅመውን እንድንመለከት ተመክረናል። ኢንዶስኮፒ ሲታዘዝላችሁ እንግዲህ ይህን ቃል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳላችሁን ተናገሩ፣ ስለ ቱቦው ጠይቁ፣ መስኮቱንም አስከፍቱ። የጨጓራችሁን ሕመም የሚያውቀው ጌታ ምርመራችሁን ያቅናላችሁ፤ የሚያክሟችሁንም እጆች ይባርክ። አሜን።

ለባልና ሚስት መወያያ

• ከመካከላችን አንዱ የደበቀው የሕመም ምልክት አለ ወይ? ለመናገር ያስፈራው ምንድን ነው?
• በቤታችንና በጸሎት ኅብረታችን ሌሊት የሚከፈት መስኮት የትኛው ነው?
• በአጥቢያችን መድኃኒት የጀመረ ሰው እንዳያቋርጥ እኛ ሁለታችን በምን ልንረዳው እንችላለን?